ክፍሉ ማታ 2 ሰዓት ይከፈታል

ይህ ከ2012 ዓ.ም. ደብተሬ የገለበጥኩት ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የያኔው ክፍሌ 52 ልጆች ነበሩበት። ቀኑንና ቁጥሩን አልነካሁም። ማማረሩን ግን ቀንሻለሁ፤ ሳነበው ራሴንም ሰለቸኝ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ዓርብ ዕለት የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። ዛሬ ደግሞ ትምህርት ቤት ለ15 ቀን ተዘጋ። እኔ ምዕራፍ 4 ላይ ነበርኩ፤ «ሲሚላር ፊገርስ» (ተመሳሳይ ቅርጾች)። ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ትሪያንግል ሥዬ፣ ነገ እንቀጥላለን ብዬ ነው የወጣሁት። ሳላጠፋው።

ልጆቹ የሚኒስትሪ ተፈታኞች ናቸው፤ እሱ አንድ ጭንቀት ነው። ሌላው ጭንቀቴ ምሳቸው ነው። በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ የተጀመረው ገና ዘንድሮ ነው። ቁርስና ምሳቸውን እዚያ የሚበሉ ልጆች አሉኝ፤ ማን ማን እንደሆኑም አውቃለሁ። 15 ቀን አጭር ነው የሚሉ ሰዎች እነሱን አያውቋቸውም።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ስቱዲዮ ሠራሁ። አትሳቁ።

ጎረቤታችን አናጢው የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ሰጠኝ። ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ዓይነት ኖሮ ጠመኔው ያንሸራትታል እንጂ አይጽፍም። ግማሽ ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ከዚያ እሺ አለ። ስልኬን የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ በላስቲክ አሠርኩ። ጣሳውን በርጩማ ላይ፣ በርጩማውን ጠረጴዛ ላይ ሰቀልኩ። እማዬ አይታ «ታቦት አስመሰልሽው» አለች።

የመጀመሪያው ቪዲዮ 8 ደቂቃ ሆነ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ በአጥራችን ሥር «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ገብቷል። ያውም የሁለት ትሪያንግሎችን ጎኖች ሳነጻጽር። እንደገና መቅረጽ አላሰኘኝም፤ ልጆቹ እንዲያውም ይወዱታል ብዬ ተውኩት።

ፋይሉ 720 ሜጋ ባይት ነው። እንዳለ ልልከው ስሞክር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተጎተተና 41 ፐርሰንት ላይ ተቆረጠ። ቴሌግራም ራሱ እንዲጨምቀው አደረግኩ፤ ወደ 60 ወረደ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሄደ። የድል ስሜት ተሰማኝ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

የድል ስሜቱ አንድ ሌሊት ነው የቆየው። ቪዲዮውን ያዩት 9 ልጆች ናቸው። አንዱ በድምፅ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ የእናቴን ካርድ በላው። ተቆጣችኝ። ሁለተኛ እንዳትከፍት ብላኛለች።»

ለእኔ 60 ሜጋ ባይት ቁጥር ነው። ለእናቱ ግን ለሥራ ልትደውልበት የሞላችው ካርድ ነው። ጉሊት ነው የምትሸጠው፤ ሽንኩርት የሚያመጣላትን ሰው የምታገኘው በስልክ ነው።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

የስም መጥሪያውን ይዤ ስደውል ዋልኩ። ወላጅ ሁሉ «ልጁ ምን አጠፋ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። መምህር ከደወለ ጥፋት አለ ማለት ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እቤት ውስጥ ያለው ስልክ የማን ነው?

እንዲህ ወጣ። 14 ልጆች የራሳቸው ወይም የወንድም የእህት ስማርት ስልክ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው አለ። 23ቱ ስማርት ስልክ የሚያገኙት አባት ወይም እናት ማታ ሲገቡ ነው። 11ዱ ቤት ያለው ቁልፍ ያለው ስልክ ብቻ ነው። 4ቱን ጨርሶ አላገኘኋቸውም፤ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም።

እስከ ዛሬ ኖት የምንልከው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር፤ እንደ ትምህርት ቤት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 23ቱ ስልኮች ሥራ ላይ ናቸው። አንዱ ታክሲ ውስጥ ረዳት ኪስ ነው። አንዱ የግንባታ ዘበኛ ጋ ነው። ባዶ ክፍል ስናስተምር ነበር።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

15 ቀኑ አለቀ። ተራዘመ። ማንም አልገረመውም።

ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቪዲዮ የለም። አንድ ትምህርት ማለት አንድ ፎቶና ከ4 ደቂቃ የማይበልጥ ድምፅ ነው። የቴሌግራም ድምፅ በደቂቃ ሩብ ሜጋ ባይት ገደማ ነው የሚፈጀው። ፎቶው ነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር የተጻፈ ይሆናል፤ ተጨምቆም ይነበባል። ሁሉም ተደምሮ 1 ሜጋ ባይት ገደማ። ከቪዲዮው ጋር ሲተያይ ስልሳ እጥፍ ይቀላል። የሚላከውም ማታ ልክ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ አባት ሲገባ።

ኮምፔንሳቶውን እማዬ ለዶሮዎቹ በር አደረገችው።

ድምፅ ብቻውን ማስተማር ይከብዳል። ክፍል ውስጥ ፊታቸውን አያለሁ፤ ያልገባው ልጅ ቅንድቡ ይነግረኛል። እዚህ የማወራው ለጣሳ ነው። ደግሞ እንግሊዝኛው አለ። በእኛ ከተማ 7ኛ ክፍል ሲገቡ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ ግማሹን ባማርኛ እያፈረስኩ ነው የማስረዳው። ድምፁ ላይ ሁለቱም አሉ፦ «ኮሬስፖንዲንግ ሳይድ ስንል፣ ትይዩ የሚቀመጥ ወንድሙ ማለት ነው።» መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ የሆነችው አክስቴ ሰምታ «ትይዩ ወንድም» የምትለዋን ወደደቻት።

በቴሌቪዥንና በሬዲዮም ትምህርት ተጀምሯል። ጥሩ ነው። እኔ ግን የፕላዝማ ልጅ ነኝ፤ ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት ደቡብ አፍሪካ የተቀረፀ መምህር በሳተላይት ሲያስተምረኝ ነው። ስክሪኑ ይጠይቅሃል፣ አምስት ሴኮንድ ይጠብቅሃል፣ ማንም ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን። ያ «ቬሪ ጉድ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ድምፄ ውስጥ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ «አሁን አጥፉትና ሥሩ። ስትጨርሱ መልሳችሁ ክፈቱ።»

ሚያዝያ 1፣ ሐሙስ

ትናንት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲ በግማሽ ነው የሚጭነው፤ ሒሳቡ እጥፍ ሆኗል። ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግር ነው።

ትምህርት ቤት ሳምንታዊ ሪፖርት እንድንሞላ ፎርም ሰጠን። «የተላከ ኖት ብዛት» የሚል ዓምድ አለው። «የደረሰ» የሚል የለውም። በእርሳስ አንድ ዓምድ ጨምሬ 31 ብዬ ሞላሁ። ለምን እንደቆሸሸ ተጠየቅኩ።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሠራሁትን ስህተት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

ሲሚላር ትሪያንግልን እቤት ውስጥ የሚለካ ነገር አድርጌ ልጨርሰው አሰብኩ። የመጥረጊያ እንጨት አቁሙ፣ ጥላውን ለኩ። ከዚያ የመብራት ምሰሶውን ጥላ ለኩ። እንጨቱ ከጥላው ያለው ንጽጽር ምሰሶው ከጥላው ካለው ጋር እኩል ነው፤ ቁመቱን ሳትወጡ ታውቁታላችሁ። የሚያምር ትምህርት ነው። ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት እንዲለኩ ብዬ «ምሳ ሰዓት፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ» አልኩ።

7 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ድምፅ ደረሰኝ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ መጥረጊያው ጥላ የለውም።»

ፀሐይ የለም እንዴ ብዬ ጻፍኩላት።

«አለ። ያቃጥላል። ጥላው ነው የሌለው። ወንድሜ ጥላ የሌለው ሰይጣን ነው ይላል።»

ግቢ ወጣሁ። የእኛን መጥረጊያ አቆምኩ። እውነቷን ነው። ከእንጨቱ ሥር ሁለት ጣት የማትሞላ ጠብታ ነገር አለች፤ አለቀ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ አንዴ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ ነሐሴ ማብቂያ። በዚህች ከተማ ደግሞ ፀሐይ አናት የምትደርሰው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 25 ደቂቃ ገደማ ዘግይታ ነው። እኔ ከ365 ቀን ውስጥ ጥላ የሚጠፋበትን ቀን፣ ከቀኑ ውስጥ ደግሞ ጥላ የሚጠፋበትን ሰዓት መርጬ ጥላ ለኩ ብያለሁ። ፈልጌ እንኳ እንዲህ አላገኘውም።

ማታ 2 ሰዓት ላይ የላክሁት ድምፅ ስለ ትሪያንግል አይደለም። «የዛሬው ስህተት የእኔ ነው» ብዬ ጀመርኩና ለምን ጥላው እንደጠፋ ነገርኳቸው። 4 ደቂቃው አልበቃኝም፤ ሕጌን ጥሼ 6 አደረግኩት። እስከዚያ ቀን ከላክኋቸው ሁሉ ብዙ መልስ ያገኘው እሱ ነው።

ሚያዝያ 8፣ ጸሎተ ሐሙስ

ልኬቱን ወደ 9 ሰዓት አዛወርን። ስግደቱም እቤት ስለሆነ ልጆቹ እቤት ናቸው። ያችው ልጅ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ ላከች። እንጨቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ጥላው 94። የምሰሶው ጥላ 6 ሜትር ከ40። ቁመቱ 8 ሜትር ከ17 ሴንቲ። ከሥሩ «ጥላው ዛሬ መጥቷል» ብላ ጽፋለች። ወረቀቱ ጥግ ላይ የጉልባን ባቄላ ይታያል።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ስለ 11ዱ፣ ቤታቸው ቁልፍ ያለው ስልክ ብቻ ስላላቸው ልጆች። ሳስታምመው የቆየሁት ጉዳይ ነው።

ወረቀት ሞከርኩ። ትምህርት ቤት ያለው ማባዣ ቀለም ጨርሷል። አራት ኪሎ ያለ ኮፒ ቤት ለብዛት ቀንሶልኝ በሳምንት 4 ገጽ ለ15 ልጅ አባዛሁ፤ ከኪሴ። ወረቀቱን የምተወው ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ባለው ሱቅ ነው። ጋሼ (ባለሱቁን ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው) ከዘይቱ ጄሪካን ጎን አንድ ካርቶን ሰጠኝ። ልጆቹ ስኳር ሊገዙ ሲመጡ ይወስዳሉ፤ የሠሩትን ይመልሳሉ። የተመለሰው ወረቀት ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ማርክ ሳደርግ እማዬ መስኮት ክፈቺ ትላለች።

ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ግን ዲዳ ነው። ገና ያልተማሩትን ነገር ወረቀት ብቻውን አያስተምርም። መሥራት የቻሉት ትምህርት ቤት ሳይዘጋ የተማሩትን ብቻ ነው። ምዕራፍ 5 ላይ፣ «ሰርክልስ» ላይ ስንደርስ 11ዱም ባዶ መለሱ። አንዱ ባዶ ቦታው ላይ አበባ ሥሏል። ቆንጆ አበባ ነው።

ለመጽሐፉ ስል አንድ ቀን ትምህርት ቤት ገባሁ። ክፍሉ ተቆልፎ ስለነበር በመስኮት አየሁ። ሁለቱ ትሪያንግሎች ሰሌዳው ላይ አሉ።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

ረመዳን ስለሆነ ሙስሊም ልጆቼ 2 ሰዓት ላይ አይገኙም። ችግር የለም፤ ድምፁ አይሄድባቸውም። ይህ ነው የድምፅ ጥሩነቱ። ከተራዊሕ በኋላ 4 ሰዓት ላይ ጥያቄ የሚልክ ልጅ አለኝ፤ ለሱሑር ሲነሳም የሚልክ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ «ቲቸር ተኝተሻል?» ይላል። አዎ፣ ተኝቻለሁ።

የዚህ ሳምንት ሥራ፦ እቤት ያሉ ሦስት ክብ ነገሮችን ዙሪያቸውን በክር ለኩ፣ ለዲያሜትራቸው አካፍሉ። ሲኒ፣ ሰፌድ፣ ምጣድ፣ የጀበና ማቶት፣ ድስት። መልሱ ከ2.9 እስከ 3.3 ተበተነ። ክር ይለጠጣል፣ ሰፌድ ክብ አይደለም፣ ማስመሪያ ጫፉ ተበልቷል። ደስ አለኝ። የእውነት ልኬት እንዲህ ነው።

አንዱ ጎበዝ ግን ለሦስቱም 3.14 ላከ። ለሲኒም፣ ለሰፌድም፣ ለምጣድም። ምጣዱን ለካኸው ወይ አልኩት። «ለካሁ።» ስንት ነው ዙሪያው? ዝም። ትንሽ ቆይቶ፦ «ቲቸር፣ እማዬ እየጋገረች ስለሆነ...» ሁሉም የተሳሳተ መልስ ሲልክ ትክክለኛው ልጅ ነው የተያዘው።

ቴሌግራም በጥር ያመጣው የኩዊዝ ምርጫም ጠቅሞኛል። አራት አማራጭ አድርገህ ትጠይቃለህ፤ ሲነኩት ትክክልና ስህተቱ ወዲያው ይታያቸዋል። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ፊታቸውን ባላይም ስንቱ እንደሳተ አያለሁ።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

የ11ዱ መልስ ዓይኔ ሥር ነበር። ያገኘው ጋሼ ነው።

ወረቀት ሳስቀምጥ ጋሼ ቁልፍ ባለው ቴክኖው መዝሙር ይሰማል። ስልኩ ኢንተርኔት የለውም። መዝሙሩን ከየት አመጣኸው አልኩት። «ሚሞሪ አስሞልቼ ነዋ!» አለኝ፤ ምን ዓይነት መምህር ናት በሚል ዓይን እያየኝ። በእርግጥም ከተማው ሙሉ ሚሞሪ ዘፈን የሚሞሉ ልጆች ሞልተዋል። ዘፈን የሚይዝ ካርድ ምዕራፍ 5ን የማይዝበት ምክንያት የለም።

አመጣሁና የመጀመሪያውን ስሞክረው አልከፈተም። የቴሌግራም ድምፅ የሚቀመጥበትን ዓይነት ፋይል ያ ስልክ አያውቀውም፤ እሱ የሚያውቀው ኤምፒ3 ነው። ላፕቶፕ ላይ ሁሉንም ቀየርኳቸው። ሁለተኛ ችግር፦ ስማቸውን ባማርኛ ስለጻፍኩ ስልኩ ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆነው ታዩ። በቁጥር ቀየርኩ። ሦስተኛ፦ ከ1 ቀጥሎ 10ን ያጫውታል፤ ከዚያ 11፣ ከዚያ 2። «01፣ 02» ብዬ ጻፍኩ፤ ተስተካከለ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀ።

እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተን 6 ካርድ ገዛን፤ ሌሎቹ አባቶቻቸው ስልክ ላይ ያለውን ካርድ ይዘው መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ፣ ማስክ አድርገን፣ ላፕቶፑ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጦ እንሞላለን። ፎቶው በወረቀት፣ ድምፁ በካርድ። አሁን ወረቀቱ አፍ አወጣ።

(ከሳምንት በኋላ የተጨመረ፦ የአንዷ አባት ቡና እየጠጡ ዘፈን ከፍተው ሳለ በመሃል የእኔ ድምፅ «ደብተር አውጡ! ዛሬ ራዲየስን እናያለን» ብሎ ገባ አሉ። ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ ሰውየውን «ራዲየስ» ነው የሚሏቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ኧረ እኔም ገባኝ» አሉኝ።)

ሰኔ 14፣ እሑድ

የፀሐይ ግርዶሽ! ላሊበላ ላይ ፀሐይዋ የእሳት ቀለበት ሆናለች፤ እኛ ጋ ደግሞ ማጭድ።

ትናንት ማታ ትምህርት ቁጥር 24 የተላከው ለዚህ ነው። ግማሹ ማስጠንቀቂያ ነበር። ፀሐይዋን በዓይናችሁ አትዩ፤ በጥቁር መነጽርም፣ በራጅ ፊልምም አትዩ። ካርቶን በመርፌ ብሱ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፣ ብርሃኑን ግድግዳ ላይ ጣሉት። በቀዳዳው ወዲያና ወዲህ ያሉት ሁለት ትሪያንግሎች ሲሚላር ናቸው፤ ሰሌዳ ላይ የቀሩት እነዚያው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግቢያችን ሙሉ ሰው ነው። ደመናው ይመጣል ይሄዳል። እማዬ ካርቶኑን ትታ የፓስታ ማጥለያውን አመጣች። ገለጥ ሲል ግድግዳው ላይ ሠላሳ አርባ ትንንሽ ማጭዶች ተደረደሩ። ሁላችንም ዝም አልን። አዛውንቷ ጎረቤታችን አማተቡ።

ግን የዛሬው ምርጥ ፎቶ የመጣው ወረቀት ላይ አበባ ከሣለው ልጅ ነው፤ በጎረቤት ስልክ አንስቶ። የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት አንዱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ አሮጌ የምስማር ቀዳዳ ሞልቶታል። በሩን ዘግተው ሲቀመጡ ፊት ለፊቱ ያለው ጭቃ ግድግዳ በሙሉ ማጭድ ሆነ። ትልልቅ፣ ጥርት ያሉ። «ቲቸር፣ እኛ ካርቶን አላስፈለገንም» አለ። በክረምት የሚያፈስባቸው ያው ግድግዳ ነው።

ሰኔ 15፣ ሰኞ

ዛሬ ፀሐይዋ ሙሉ ናት። እስቲ አንዷን ክብ ለካት፣ ከቀዳዳው እስከ ግድግዳው ያለውንም ለካ አልኩት። ርቀቱ 2 ሜትር፣ የክቧ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የቀረውን አንተ ሥራ።

አንድ ሰዓት ቆይቶ በዚያው በጎረቤት ስልክ ደወለ። «1 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ትክክል ነኝ?» ትክክለኛው 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነው። በምስማር ቀዳዳና በተሰበረ ማስመሪያ ይህን ያህል ቀረበ። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት በምን እንደተለካ ጠየቀኝ። ሌላ ቀን አልኩት።

ሰኔ 23፣ ማክሰኞ

ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ትናንት ማታ ተገደለ። ከተማው ጭር ብሏል። ኢንተርኔት የለም። ልጆቼ የት እንደሆኑ ብቻ ነው የማስበው። ስልክ ስለሚሠራ ደወልኩ። 52ቱን ዝርዝር ይዤ፣ እንደ መጋቢቱ። ዛሬ ማንም «ምን አጠፋ?» አላለኝም።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

ኢንተርኔቱ አልመጣም። ጉዳዩ ተገልብጧል። ቀን ሙሉ ስማርት ስልክ ያላቸው 14ቱ ምንም የላቸውም። ካርድ ያላቸው 11ዱ ቁጥር 29 ላይ ናቸው።

ጠዋት ሱቁ በር ላይ ከ11ዱ ሦስቱ ቀድመውኝ ቆመዋል። ስማርት ስልክ የያዙት ደግሞ ተከትለው መጡ። ዜንደር ይባላል፤ ስልክ ለስልክ ያለ ኢንተርኔት ፋይል የሚያሻግረው። አንዱ ከላፕቶፔ ወሰደ፤ ለሁለት ሰጠ፤ እነሱ ለሌላ ሁለት። ሰፈር ለሰፈር፦ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፣ አፍንጮ በር። እስከ ማታ 38 ልጅ ጋ እንደደረሰ በስልክ ቆጠርኩ። በሰላሙ ጊዜ በቴሌግራም ከዚህ በልጦ አያውቅም።

ዝናቡ ጆንያውን አረጠበው፤ ላፕቶፑን ጋሼ ወደ ውስጥ፣ ሚዛኑ አጠገብ አስገባው። ሠርቶ አደሩ ጋሼ ቁጥር 17ን እየሰማ ስኳር ይመዝናል። የክብን ስፋት አስቀድሞ ነው የሚናገረው፤ እኔ ሳልጨርስ።

ሐምሌ 17፣ ዓርብ

ኢንተርኔት ተመለሰ። ሦስት ሳምንት የተጠራቀመው መልእክት ስልኬን ለግማሽ ሰዓት ሲያንቀጠቅጠው ቆየ። ካልተገኙት 4 ልጆች የአንዷ መልእክት አለበት፤ ሰላሌ አያቷ ጋ ናት፣ እርሻ እያገዘች። «ስንት ቁጥር አለፈኝ?» ትላለች። ሠላሳ ሁለት። ሌላውን ጋሼ አገኘው፤ ሊስትሮ እየሠራ ነው። ካርድ ወስዷል፤ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ እስኪመጣ ይሰማል። ሁለቱን እስካሁን አላገኘኋቸውም። ስማቸው ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ።

ባልደረባዬ «አሁንማ ካርዱ ቀረ፣ ወደ ቴሌግራም እንመለስ» አለኝ። ለ37ቱ አዎ። ክፍሉ ግን 52 ነው።

ነገ ቅዳሜ ነው። ቁጥር 33 ፕሮባቢሊቲ ነው፤ ሁለት የአምስት ሳንቲም ፍራንክ ይዤ ልቀርፅ። ከ6ቱ ካርዶች አንዱ ተሰንጥቋል። የማባዣው ቀለም ደግሞ መጥቷል ተብያለሁ፤ ሄጄ ማየት አለብኝ።